ሂሳቡ ልክ ነው፣ ሽንብራው ግን አለቀ፦ የፖከር ችግርና መፍትሄ

ክረምት ሲገባ ጎንደር ፒያሳ፣ ጓደኛዬ ቤት ማታ ማታ ፖከር፣ ካርታህን ደብቀህ የምትወራረድበትን ጨዋታ፣ እንጫወታለን። በገንዘብ አይደለም፤ በሽንብራ ነው። መቼ መወራረድ፣ መቼ መሸወድ እንዳለብህ የሚነግረውን ሂሳብ አጥንቼ የመጣሁ ሰሞን ሽንብራዬ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

ችግር፦ ባዶ ካርታ ይዘህ፣ ጥሩ እንደያዝክ አስመስለህ ስትሸውድ ሁሌ እየከፈሉ ያዩሃል

ምክንያት፦ መጨረሻው ካርታ ላይ መሐል፣ አሸናፊው በሚወስደው ክምር ውስጥ፣ 20 ሽንብራ አለ እንበል። አንተም 20 ትወራረዳለህ። ካርታህን ለማየት የሚከፍለው ሰው በ20 ሽንብራ 40 ሊያገኝ ነው፤ ከ3 አንዴ ካሸነፈ አይከስርም። ስለዚህ ሂሳቡ ከ3 ውርርድህ 1ዱ ሸወዳ፣ 2ቱ ጥሩ ካርታ የያዝክባቸው የእውነት ይሁኑ ይላል። ያኔ ሰውየው ቢከፍልም ካርታውን ጥሎ ቢወጣም ለውጥ የለውም። ችግሩ፣ ይህ ቁጥር የአዘዞውን ባለባጃጅ ወዳጃችንን አያውቀውም። እሱ የሁለት ቁጥር ጥንድ ይዞም «እስቲ ልየው!» ይላል።

መፍትሄ፦ እሱን አትሸውድ። ጨርሶ። ጥሩ ካርታ ሲመጣልህ ግን በደንብ ጨምርበት። መጠበቁ ይደብራል፣ አውቃለሁ።

ችግር፦ ጥሩ ካርታ ስትይዝ ሁሉም ይጥላል

ምክንያት፦ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሼ፣ እንዲህ ናቸው።

መፍትሄ፦ መሐል 20 ሲኖር በ10 ሸውዳቸው። ከ3 አንዴ በላይ ከጣሉ አትርፈሃል። ጋሼ ራሳቸው ከጨመሩ ግን ካርታህን ጣል፤ አትከራከር።

ችግር፦ እንግዳ ሰው ጠራርጎህ ሄደ

ምክንያት፦ አንዴ ሲሸውድ አይተህ «ይሄ ሸዋጅ ነው» አልክ። እኔ እንዲህ ብዬ ቡናው ቶና ሳይደርስ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ።

መፍትሄ፦ የማታውቀውን ሰው በሂሳቡ ተጫወተው። ካርታውን ደጋግሞ ሲያሳይ ካየህ በኋላ ፍረድ።

ችግር፦ ዘዴህ መሥራት አቆመ

ምክንያት፦ ነቅተውብሃል። ወደ አንድ ሰው ድክመት ባዘነበልክ ቁጥር የራስህ ጎን ይከፈታል። ሊብራተስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በ2017 አራት ባለሙያዎችን በ120,000 ዙር አሸንፏል። ሌሊት ሌሊት የሚሠራው ግን የእነሱን ድክመት ማሳደድ አልነበረም፤ እነሱ ያገኙበትን የራሱን ቀዳዳ መድፈን ነበር። እኛ በአንድ ማታ ስንት ዙር ብንጫወት ነው? ለዚህ ነው ሂሳቡ ብቻውን እኛ ጋ የሚዘገየው።

መፍትሄ፦ ከፋዩ መጣል ሲጀምር ወደ ከ3 አንዱ ተመለስ። ባለፈው ሳምንት ባለባጃጁ ሦስት ጊዜ ጣለብኝ። አራተኛው ላይ ባዶ ካርታ ይዤ ነበር።