ሰፊውን ገደል በአንድ ፎቶ፦ የፓኖራማ አነሳስና አገጣጠም

የሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ፓኖራማ፣ ማለትም ከተከታታይ ምስሎች የሚገጣጠም ሰፊ ፎቶ፣ ማንሳቱ አይቀርም። ቤቱ ገብቶ ሲያየው ያ ልብ የሚያርድ ገደል እንደ ሪባን ቀጥኖ ይጠብቀዋል። ሰማዩ አንዱ ጋ ጠቁሮ ሌላው ጋ ነጥቷል፤ አድማሱ ጎብጧል፤ ከፊት ያለው ጅባራም ሁለት ሆኗል። እያንዳንዱ ስህተት የታወቀ ምክንያት አለው፤ አብዛኛው ደግሞ የመጀመሪያው ፎቶ ሳይነሳ መከላከል የሚቻል ነው።

ከየት ተነስቶ የት ይለቅ?

ካሜራውን ከቦርሳ ሳታወጡ ቁሙና ፎቶው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ወስኑ። ብዙ ሰው 180 ዲግሪ ካልሞላ ፓኖራማ አይመስለውም። ማዕዘኑ በሰፋ ቁጥር ግን ፎቶው ከቁመቱ አንጻር እየረዘመ ይሄዳል፤ ወረቀት ወይም ስክሪን ላይ ሲቀመጥም ተራራው ያንሳል። ለገደልና ለሸንተረር ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ይበቃል። ሁለቱ ጫፎች ላይ ዓይን የሚያቆም ከበድ ያለ ነገር ይኑር፦ በአንድ በኩል ቅርብ ያለ የገደል አፋፍ፣ በሌላው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ሸንተረር። ጫፉ ባዶ ሰማይና ጠፍጣፋ ሜዳ ከሆነ ፎቶው የተቆረጠ ይመስላል።

ከፊታችሁ አግድም የሚያልፍ መንገድ፣ አጥር ወይም ግንብ ካለ ቦታ ቀይሩ። መሃሉ ለእናንተ ቅርብ፣ ሁለቱ ጫፎች ሩቅ ስለሆኑ ፎቶው ላይ ቀጥ ያለው ግንብ እንደ ቀስት ይጎብጣል። በሶፍትዌር ላቅናው ካላችሁ ደግሞ ተራራው ይጣመማል።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ ፀሐይዋ በትከሻችሁ በኩል፣ ከፎቶው ጫፍ ውጭ ብትሆን ይመረጣል። ልክ ከኋላ ከሆነች ጠዋት ላይ የእናንተና የትራይፖዱ ጥላ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማዩን የሚያጠቁር የሌንስ ማጣሪያ) ካላችሁ አውልቁት። ሰማያዊው ሰማይ በተፈጥሮው ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ ራቅ ያለው ቦታ ላይ ይጠቁራል፤ ፖላራይዘር ያን ያባብሰውና በሰፊ ፎቶ ላይ ጥቁር ቀበቶ ያወጣል። ክረምቱ አልፎ አየሩ ታጥቦ ባለበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ በማለዳ፣ ሩቁ ሸንተረር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል።

ስንት ፎቶ?

ካሜራውን በቁመቱ አቁሙት። ፎቶዎቹ ቢበዙም ከላይና ከታች የሚቆረጥ ትርፍ ታገኛላችሁ። ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም የብርሃን መቀበያው፣ ትልቅ የሆነ) ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ ቆሞ ሲያነሳ፣ ወደ ጎን 27 ዲግሪ ገደማ ያያል። እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር አንድ ሦስተኛ መደራረብ ስላለበት፣ በየጊዜው የምታዞሩት 18 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ለ120 ዲግሪ 7 ፎቶ ያስፈልጋል። በግራና በቀኝ አንዳንድ መጠባበቂያ ጨምሩና 9 አድርጉት። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሥራውን በሁለት በሦስት ፎቶ ይጨርሰው ነበር፤ ተራራው ግን ይርቃል፣ ጠርዙም ይለጠጣል። ለዚህ ሥራ አንመክረውም።

ትራይፖዱን ስታቆሙ መስተካከል ያለበት እግሩ ነው። እግሩ ዘንበል ብሎ ካሜራውን ላይኛው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ብታስተካክሉት የመጀመሪያው ፎቶ ቀጥ ይላል፤ እያዞራችሁ ስትሄዱ ግን አድማሱ ቀስ በቀስ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሳታነሱ አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙራችሁ ተመልከቱ።

ከዚያ ሁሉንም ነገር በእጅ አድርጉት። አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርጉ፤ የሹተሩን ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ፎቶው ውስጥ ከሚገባው ሁሉ ደማቅ የሆነውን ቦታ አይታችሁ ወስኑና ከዚያ በኋላ አትንኩት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ የየራሱን ብርሃን ይመርጣል፣ ሰማዩም ላይ ስፌቱ ይታያል። ፎከሱን አንዴ አስይዙና ወደ ማንዋል መልሱት። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) የፀሐይ ምልክት ያለበት ላይ አቁሙት፤ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ። ከመጀመሪያው ፎቶ በፊትና ከመጨረሻው በኋላ መዳፋችሁን ሌንሱ ፊት አድርጋችሁ አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ማታ ከ300 ፎቶ መሃል የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የምታውቁት በዚህ ነው።

ጅባራው ለምን ሁለት ሆነ?

ጣታችሁን ፊታችሁ አቁማችሁ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ይዘላል። ካሜራው በትራይፖዱ ብሎን ላይ ሲዞርም ሌንሱ በአየር ላይ ግማሽ ክብ ስለሚሠራ፣ ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ አንጻር ቦታውን ይለውጣል። ይህ ፓራላክስ ይባላል። በአሥር ሜትር ውስጥ ምንም ነገር ከሌለ ግድ የለም፣ በእጅም ማንሳት ይቻላል። ጅባራው ሁለት ሜትር ላይ ከቆመ ግን ሶፍትዌሩ ወይ እሱን ወይ ተራራውን ያዛንፋል።

ሌንሱ ውስጥ ካሜራው ሲዞርባት ቅርቡና ሩቁ የማይለያዩባት አንዲት ነጥብ አለች፤ መፍትሔው እሷን ልክ ከመዞሪያው በላይ ማድረግ ነው። ለዚህ ካሜራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንሸራትት ሐዲድ ይሸጣል። ነጥቧን ለማግኘት አንድ እንጨት 1 ሜትር፣ ሌላውን 10 ሜትር ላይ አቁማችሁ በሌንሱ ሲታዩ አንዱ ሌላውን እንዲሸፍን አድርጉ። ካሜራውን አዙሩ፣ እንጨቶቹ አንዴ ግራ ጠርዝ፣ አንዴ ቀኝ ጠርዝ ላይ ይምጡ። ከተለያዩ ካሜራውን ጥቂት ወደ ኋላ ሳቡና ድገሙት። መለያየት ሲያቆሙ ሐዲዱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ዙም ሌንስ ላይ ነጥቧ ስለምትንቀሳቀስ ለእያንዳንዱ የዙም ደረጃ ምልክት ያስፈልጋል።

ሐዲድ የሌለው ሰው የግንበኛ ቱንቢ ይጠቀም፦ ከሌንሱ ሥር ክር አስሮ ጫፉ ላይ ክብደት ያንጠልጥል፣ መሬት ላይ ጠጠር ያስቀምጥ፤ ከዚያ ክብደቱ ከጠጠሯ በላይ እንደቆመ እሱ በዙሪያው ይዙር። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በወገቡ ዞሮ ካሜራውን በክንዱ ርዝመት ያሽከረክራል።

ስልክ ላይም ሕጉ ያው ነው። በቁመቱ ያዙት፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ በእግር ቀስ ብላችሁ ዙሩ። የስልኩ ፓኖራማ ቀጫጭን ቁራጮችን እያጣበቀ ስለሚሄድ የሚራመድ ሰው ይለጠጣል ወይም ይቆረጣል። ጊዜ ካላችሁ ብርሃኑን ቆልፋችሁ 7 ተራ ፎቶ አንሱና ቤት ገጣጥሟቸው፤ ውጤቱ በጣም ይሻላል። የጭላዳ መንጋ ካለ መደራረቡን ወደ ፎቶው ግማሽ አሳድጉት፤ እያንዳንዱ ጭላዳ ቢያንስ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲገኝ።

አገጣጠም

ሃጊን የተባለው የመገጣጠሚያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ያለው በእሱ ይሥራ። ነጠላ ፎቶዎቹን ቀድማችሁ አትቁረጡ፣ አታቃኑ። የቀለምና የሌንስ ማስተካከያ ካደረጋችሁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ሶፍትዌሩ ፎቶው በምን ቅርጽ እንደሚዘረጋ ሲያስመርጣችሁ፣ ለ120 ዲግሪ ሲሊንደሪካል የሚለውን ምረጡ። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለበትን ነገር ስትገጣጥሙ ግን ስፋቱን ከ90 ዲግሪ በታች አድርጉና ፐርስፔክቲቭ ተጠቀሙ፤ የተፈለፈለው ድንጋይ መስመሩን ይጠብቃል። ብዙ ረድፍ ካነሳችሁ ስፌሪካል ነው። ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ነጭ ክፍተት በመለጠጥ ከመሙላት መቁረጥ ይሻላል፤ መለጠጥ ሸንተረሩን ያጣምማል።

ሲያልቅ 100 በመቶ አጉልታችሁ ሦስት ቦታ ፈልጉ፦ ሰማዩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የብርሃን መስመር፣ የተሰበረ የሸንተረር ጫፍ፣ ድርብ የሆነ ሣርና ቅርንጫፍ። የመጀመሪያው ከብርሃን፣ ሦስተኛው ከፓራላክስ ወይም ከነፋስ ይመጣል። ድርቡን ለማጥፋት ማስክ አድርጋችሁ፣ ማለትም ያን ቦታ በሌላው ፎቶ ላይ ሸፍናችሁ፣ ከአንዱ ፎቶ ብቻ ውሰዱ።

ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ከላይ በተባለው መንገድ፣ ከተቆረጠ በኋላ፣ ወደ 17,000 በ5,000 ፒክስል ይሰጣል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1 ሜትር ከ44 በ42 ሳንቲ ሜትር ይታተማል። ራቅ ብሎ ለሚታይ ግድግዳ 200 ዲፒአይ ስለሚበቃ ወደ 2 ሜትር ከ15 ይደርሳል። አታሚ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማሽናቸው የሚቀበለውን የወረቀት ስፋትና ርዝመት ጠይቁ፤ ፎቶው ተቆርጦ እንዳይወጣ።