አንድ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ሁለት ዓይነት ኤችቲኤምኤል

በባሕር ዳር ለጣና ገዳማት ጎብኚዎች መግለጫ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ አንዱን ገጽ ለአዲስ ስልክና ለአሮጌ ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ አትድከሙበት። ጽሑፉን በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡና ፓንዶክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ኤችቲኤምኤል ወደተባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ ለአዲሱ ወደ ኤችቲኤምኤል 5፣ ለአሮጌው ወደ ኤችቲኤምኤል 4 ቀይሩት። በትእዛዙ ላይ የሚለወጠው የቅርጹና የሚወጣው ፋይል ስም ብቻ ነው። (ፓንዶክ «ኤችቲኤምኤል 4» የሚለው በትክክል ኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 የተባለው የዚሁ ቋንቋ ጥብቅ አጻጻፍ ነው፤ ለአሮጌ የድረ ገጽ አሳሽ ይበቃል።)

ዋናው ብልሃት ግን ሙሉ ሰነድ እንዲያወጣ የሚያዘውን ምርጫ አለመርሳት ነው። ያለ እርሱ የሚወጣው የገጹ አካል ብቻ ነው፤ ራስጌው፣ ማለትም ስለ ገጹ ለአሳሹ የሚነግረው የመጀመሪያው ክፍል፣ ይቀራል። ፊደሉ የተቀመጠው ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ መሆኑን ለአሳሹ የሚነግረው መስመር ደግሞ ያለው ራስጌው ውስጥ ነው። እርሱ ሲጎድል «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ብላችሁ የጻፋችሁት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የመስመሩ አጻጻፍ በኤችቲኤምኤል 5 አጭር፣ በ4 ረዘም ያለ ነው፤ ፓንዶክ ለየቅርጹ የሚስማማውን ራሱ ያስገባል።

ጽሑፉን አስቀድሞ በተሠራ ድረ ገጽ ውስጥ የምትለጥፉ ከሆነ ግን ይህን ምርጫ ተዉት፤ ያ ገጽ የራሱ ራስጌ አለው።