የ40 ሰው ሬይድ ሲከሽፍ፦ ከምልክት ወደ ምክንያት

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ በተባለው የኦንላይን ጌም 40 ተጫዋቾች ለሬይድ (ለቡድን ዘመቻ) አብረው ገብተው በአንድ ቦስ (ኃይለኛ ጠላት) ፊት ሲያልቁ፣ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ በሂለሮች (የሌሎችን ደም በሚሞሉ ፈዋሾች) ላይ ይወድቃል። መንስኤውን የሚፈልግ የሬይድ መሪ ግን መጀመሪያ የሞተው ማን እንደሆነና በምን እንደሞተ ከውጊያው መዝገብ ማየት ይኖርበታል።

የሂለሮች ማና ቶሎ ማለቅ (ባሮን ጌደን)

ምክንያቱ ከመጠን ያለፈ ፈውስ ላይሆን ይችላል። ቦሱ በዙሪያው ባሉት ላይ የሚጥለው ኢግናይት ማና የተባለው አስማት ካልተነሳ ማናቸውን (አስማት የሚሠሩበትን ኃይል) እያቃጠለ ይቀጥላል። ሁሉም ሂለር ደም በመሙላት ከተጠመደ አስማቱን የሚያነሳ ስለማይኖር፣ ጥቂት ፕሪስቶች (አስማት ማንሳት የሚችሉ ሂለሮች) ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀድመው ይመደቡ።

ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ መሞት (ባሮን ጌደን)

ሊቪንግ ቦምብ የተጣለበት ተጫዋች ከቡድኑ ሳይርቅ ፈንድቷል ማለት ነው። «ሽሽ» ብሎ መጮህ አይበቃም፤ የሚሸሽበት ባዶ ስፍራ ከውጊያው በፊት ለሁሉም ይታወቅ። አልሸሸም የተባለው ሰው ኔትዎርኩ ተጎትቶበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቆጣት በፊት ጌሙ የሚያሳየውን የመዘግየት ቁጥር ይንገረን ማለት ተገቢ ነው።

ኦኒክሲያ ወደ ቡድኑ መዞር

ዘንዶዋ ደሟ 40 በመቶ ሲደርስ ከሰማይ ትወርዳለች፤ ብዙ ሬይድ የሚበላሸውም በዚህች ቅጽበት ነው። በአየር ላይ ሳለች ታንኩ (የጠላትን ጥቃት በራሱ ላይ የሚስበው ተጫዋች) ሊመታት ስለማይችል፣ ማንን እንደምታጠቃ የሚወስነውን ትሬት ሲያከማቹ የቆዩት ከርቀት የሚመቱት ናቸው። ከርቀት የሚመታ ሰው በትሬት ከታንኩ በ30 በመቶ፣ ከቅርብ የሚመታ ደግሞ በ10 በመቶ ሲበልጥ ፊቷን ወደ እርሱ ታዞራለች፤ እሳቷም በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ይፈጃል። ስለዚህ መውረጃዋ ሲቃረብ ምት ይቀነስ፣ ታንኩ አዙሮ እስኪይዛትም ይታገሡ። ትሬቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ከዞረች፣ ታንኩ በጩኸቷ ደንግጦ ሮጦ ይሆናል፤ ለዚህ ፍርሃት ከጌሙ ሁለት ወገኖች ሆርዶች ትሬመር ቶተም የተባለውን፣ አሊያንሶች ደግሞ የድዋርፍ ፕሪስቶችን ፊር ዋርድ የተባለውን አስማት ይጠቀማሉ። በጅራቷ በኩል መቆም ደግሞ ግልገሎቿ ወደሚፈለፈሉባቸው እንቁላሎች ያስወረውራል፤ ቦታው ጎኗ ነው።

በራግናሮስ መጥለቅ መሸነፍ

የእሳት ቦሱ ራግናሮስ ውጊያው ከተጀመረ ከ3 ደቂቃ በኋላ ወደ ላቫው (ወደ ቀለጠው ዓለት) ይሰጥምና 8 የእሳት ልጆቹን ይልካል። እነርሱ ሳያልቁ እርሱ ከተመለሰ ውጊያው አበቃ ማለት ይቻላል። ምት ያለው ቡድን ከመስጠሙ በፊት ይገድለዋል፤ ያ ካልተቻለ ልጆቹ ማና ከሚያቃጥሉባቸው ሂለሮች ርቀው እንዲያዙና ሁሉም ምቱን በአንዱ ላይ አድርጎ በየተራ እንዲጥላቸው ይደረግ።