አሮጌ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች በሊድ ቀለም ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

በሜሪላንድ ግዛት ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ፣ እንዲሁም በዋሽንግተን ዲሲ ቤት ገዝተው የሚያከራዩ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። በእነዚህ አካባቢዎች ከ1978 በፊት የተሠሩ ቤቶች ሞልተዋል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ሊድ፣ ማለትም እርሳስ የሚባለው ብረት፣ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በዚያ ዓመት ነው። በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ግምት ከ1940 በፊት ከተሠሩ ቤቶች 87 ከመቶው፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 ከመቶው፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24 ከመቶው ይህ ቀለም አለባቸው።

ከላይ ቀብቶ ጉዳዩን መዝጋት

ሳይላላጥ የተቀመጠ፣ ማንም ያልነካው ቀለም ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ቀለሙ ሲላጥና ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ ነው። በዚህ በኩል ከቤቱ ሁሉ የሚከፋው መስኮት ነው። ወደ ላይ እየተገፋ የሚከፈት አሮጌ የእንጨት መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንጨቱ ከእንጨት ይፋተጋል። ብናኙ ደፉ ላይና መስኮቱ በሚያርፍበት ቦይ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ነፋስ ሲገባ ወለሉ ላይ ይበተናል። የሚድህ ሕፃን መዳፉንና መጫወቻውን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ከዋጠው ሊድ ወደ ሰውነቱ የሚገባውም ከአዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ለሕፃን አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እስካሁን አልተገኘም።

እንዲህ ያለውን መስኮት እንደገና መቀባት መፋተጉን አያስቆመውም። እንዲያውም ቀለሙ በተደራረበ ቁጥር መስኮቱ እየጠበበ ይሄድና ይበልጥ ይፋተጋል። መፍትሔው መስኮቱን መለወጥ ነው፤ ካልተቻለ ደግሞ የሚፋተግበትን ቦታ በፕላስቲክ ወይም በአሉሚኒየም ሐዲድ መሸፈን። በር ሲሆን መጀመሪያ ማጠፊያውን አስተካክለው ጠርዙ ከመቃኑ ጋር እንዳይነካካ ያድርጉ።

በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ከሊድ ማስወገድ ሥራ በኋላ በአንድ ስኩዌር ፊት ወለል ላይ ከ5 ማይክሮግራም፣ ደፍ ላይ ከ40፣ ቦይ ውስጥ ከ100 በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ «በደንብ ጠርጌዋለሁ» የሚለው ቃል ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫው በእርጥብ ጨርቅ የተወሰደ ናሙና በላብራቶሪ ሲመረመር ነው።

ተከራይ ሲወጣ ፍቆ መቀባት

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ቤት ለማሳመር በሚሠራበት ሳምንት ነው። ደረቅ ግድግዳን በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሠራተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሊድ ወደ ብናኝ ለውጦ ቤቱን ይመርዘዋል። ከ2010 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከ6 ስኩዌር ፊት በላይ፣ በውጭ ግድግዳ ደግሞ ከ20 ስኩዌር ፊት በላይ የሚነካ እድሳት ፈቃድ ባለው ድርጅትና በሠለጠነ ሰው እንዲሠራ ያዛል። መስኮት መለወጥ ከሆነ መጠኑ አይታይም፤ ሁልጊዜ ይመለከተዋል። አከራዩ በሚያከራየው ቤት ላይ በገዛ እጁ ቢሠራም ግዴታው አይቀርለትም። ሥልጠናው 8 ሰዓት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ዕቃው ይወጣል ወይም በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ የአየር ማስገቢያዎች ይታሸጋሉ፤ ከሚሠራበት ቦታ በየአቅጣጫው 6 ጫማ ድረስ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ በውጭ ከሆነ 10 ጫማ። ቀለሙ የሚፋቀው ውኃ እየተረጨበት ነው። በእሳት ማቃጠል፣ ከ1,100 ዲግሪ ፋረንሃይት በላይ በሆነ ሙቀት መላጥ፣ ብናኝ መሳቢያ በሌለው የኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ መሥራት ክልክል ነው። ሲያበቃ በሄፓ ቫኪዩም፣ ማለትም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ይጸዳል፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ተራ የቤት ቫኪዩም ደቃቁን ብናኝ በማጣሪያው አሳልፎ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል፤ መጥረጊያም ወደ አየር ያነሳዋል። ሲወለውሉ የሳሙናውና የማለቅለቂያው ውኃ በሁለት የተለያዩ ባልዲዎች ይሁን።

በመተማመን፣ ያለ ወረቀት ማከራየት

በዕድር ወይም በቤተ ክርስቲያን መተዋወቅ ከሕጉ ነፃ አያወጣም። ከ1996 ጀምሮ አከራይ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የፌዴራሉን የሊድ መረጃ መጽሔት መስጠት፣ ስለ ቤቱ ሊድ የሚያውቀውን መናገርና ያሉትን የምርመራ ወረቀቶች ማሳየት፣ ማስጠንቀቂያውን ከውሉ ጋር አስፈርሞ ለ3 ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ይህ የፌዴራል ሕግ ቤቱን አስመርምር አይልም፤ ከልብ ካላወቁ «አላውቅም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የምርመራ ውጤት መሳቢያ ውስጥ ደብቆ «አላውቅም» ማለት ግን ሕግ መጣስ ነው።

የፌዴራሉን ጨርሶ የሜሪላንድን መርሳት

ሜሪላንድ ከዚህ በላይ ትጠይቃለች። ከ2015 ጀምሮ ከ1978 በፊት የተሠራ ማንኛውም የኪራይ ቤት፣ ከሊድ ነፃ መሆኑ ካልተመሰከረለት በስተቀር፣ በክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ይመዘገባል። ተከራይ በተለወጠ ቁጥር፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት፣ ፈቃድ ያለው ኢንስፔክተር መርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለባለፈው ተከራይ የወጣው ወረቀት ለአዲሱ አይሠራም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የተከራይ መብት ማሳወቂያውና መጽሔቱ ሲገባ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ይሰጣል። ኪራይ አልተከፈለኝም ብለው ፍርድ ቤት ሲሄዱም የሊድ ምዝገባውና የምስክር ወረቀቱ ቁጥር በቅጹ ላይ ይጠየቃል።

ልጅ ያለውን ቤተሰብ መከልከል

«ልጅ ከሌለ ችግር የለም» ብሎ ቤተሰብን መመለስ በፌዴራል ሕግ አድልዎ ነው። ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ትንሽ ቤት ጠባብ ልዩነት አለ፤ በማስታወቂያ ላይ «ልጅ አይፈቀድም» ብሎ መጻፍ ግን ለእሱም አይፈቀድም።

ማሳወቂያ ሲደርስ መቆጣት

ተከራይ ቀለም መላላጡን በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ወይም በልጁ ደም ውስጥ ያለው ሊድ ከፍ ማለቱ ለአከራዩ ከተነገረ፣ በሜሪላንድ አከራዩ ችግሩን እንዲያስተካክል የተሰጠው የ30 ቀን ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። ተከራዩን በዚህ ምክንያት ማስወጣት ወይም ኪራይ መጨመር ክልክል ነው። አገር አቀፉ የጤና መሥሪያ ቤት ልጅን በቅርብ ለመከታተል መነሻ ያደረገው በዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም ነው። አንዳንድ ኩልና ቅመምም ሊድ ሊኖራቸው ስለሚችል ቤተሰቡ ቢጠየቅ ጥሩ ነው፤ ይህ ግን የአከራዩን 30 ቀን አያራዝምም። ቀኑን ጽፈው ይያዙ፣ በዚያው ሳምንት ኢንስፔክተር ይጥሩ፤ እስኪመጣም የልጁን አልጋ ከመስኮቱ ሥር ያስነሡ።