ከአሮጌ ባሌስትራ መሮና መጥረቢያ መሥራት፣ ያረጀውንም መጠገን

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በግቢው ጥግ ከሰል ማንደጃ፣ መስፍ፣ መዶሻና ሞርሳ ያለው ሰው የእንጨት መሮውንና መጥረቢያውን ራሱ ሠርቶ፣ ያረጁትንም ራሱ ሊጠግን ይችላል። በቤት የተሠራ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍረው በቅርጹ ሳይሆን በእሳት አያያዙ ነው፤ መልኩ ያማረ መሮ በጠንካራ እንጨት ላይ ሲያርፍ ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል፣ አለበለዚያም በመጀመሪያው ምት ይሸረፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ መቀጥቀጡን በአጭሩ አልፈን ብረት በመምረጥና በማጠንከር ላይ እንቆያለን።

ከግንባታ የተረፈ ፌሮ በየደጃፉ ስለሚገኝ ጀማሪዎች በእሱ ይጀምራሉ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካርቦን አነስተኛ በመሆኑ ለጉጠት፣ ለመንጠቆና ለማያያዣ እንጂ ስለት ለሚወጣለት ዕቃ አይሆንም። ለመሮና ለመጥረቢያ የሚሻለው 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው የመኪና ባሌስትራ ሲሆን፣ በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ካሉት የከባድ መኪና ጋራዦች የተሰበረውን በርካሽ ማግኘት አያዳግትም። የተሰበረ ባሌስትራ ግን በስብራቱ አካባቢና በመካከለኛው የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከእነዚህ ቦታዎች ራቅ ብሎ መቁረጥ ይገባል። ዓይነቱ ያልታወቀ ብረት ሲገጥም በግራይንደር ትንሽ ነክቶ ብልጭታውን ማየት ይረዳል፤ ለስላሳው ብረት ረጃጅምና እምብዛም የማይበተን ብልጭታ ሲሰጥ፣ ካርቦን የበዛበት ደግሞ አጭርና ጫፉ ላይ በብዛት የሚፈነዳ ብልጭታ ይሰጣል። በዚንክ የተለበጠ ቱቦ ወይም ቆርቆሮ ግን ፈጽሞ እሳት ውስጥ አይገባም፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ሰውን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ስሜት ይጥላል።

ለማንደጃ አሮጌ የፍሬን ታምቡር ከሥሩ የብረት ቱቦ ተበይዶለት ይበቃል። አየሩ ከቆዳ ወናፍም ሆነ በእጅ ከሚዞር ማራገቢያ ይምጣ፣ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ እንዲያውም መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የእጁ ይመረጣል። የግራር ከሰል ከባሕር ዛፉ የበለጠ ክብደትና ጽናት ስላለው በትንሽ መጠን ብዙ ይሠራል። የፍሙ ክምር ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ ብረቱም ከአየር መውጫው በላይ በክምሩ መካከል ቢቀመጥ ወጥ ሆኖ ይግላል። ለመስፍ ከመኪና አክሰል የተቆረጠ ወፍራም ዘንግ በጉማጅ እንጨት ላይ ተተክሎ ያገለግላል፤ የሐዲድ ቁራጭም ጥሩ መስፍ ይወጣዋል፣ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሐዲድ መግዛት አይበጅም። የደሴ ብርድ በር ዘግቶ ለመሥራት ይገፋፋል፤ ሆኖም ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለውና ገዳይ ስለሆነ ማንደጃው ሁልጊዜ ከጣራ በታች፣ ከግድግዳ ውጪ መሆን አለበት።

ባሌስትራው ብርቱካናማ መልክ ሲይዝ ይቀጠቀጣል፤ ወደ ጥቁር ቀይ ሲወርድ ግን መዶሻው ቆሞ ብረቱ ወደ እሳት ይመለሳል፣ ምክንያቱም የቀዘቀዘ አረብ ብረት ሲመታ ይሰነጠቃል። ብረቱ ራሱ በእሳት ውስጥ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ከመጣል በቀር መድኃኒት የለውም። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ አግሎ በአየር ላይ ማቀዝቀዝ፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም፣ መዶሻው ያሳደረበትን ውጥረት ያወጣለታል። በመጨረሻው ግለት በደረቅ አመድ ተቀብሮ ቢያድር ለሞረድ ይለሰልሳል። የመሮው ስለት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሞረዳል፤ ጫፉ ግን ከመጠንከሩ በፊት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይቀርለታል፤ የሳሳ ጫፍ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጣመማልና።

የማጠንከሩ ሥራ በጥላ ወይም ምሽት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ባለ እጆች ምድጃቸውን በጨለም ያለ ጎጆ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ፀሐይ ላይ የብረት መልክ ያታልላል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መያዝ ያቆማል። ከዚያ በመልክ ጥቂት ደመቅ እስኪል ከተጠበቀ በኋላ፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ስለቱ ቀድሞ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻም ይንቀሳቀሳል። ወደ ጎን ማማታት ያጣምመዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ቢሆንም ጭሱ ጎጂ ስለሆነ አልመክረውም። ባሌስትራን በውሃ ማጠንከር ስንጥቅ መጋበዝ ነው። ዘይቱ እሳት ቢይዝ በብረት ክዳን ይታፈናል፤ ውሃ ከተደፋበት እሳቱ ይረጫል። ሞረድ በስለቱ ላይ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከነከሰ ግለቱ አልበቃም ነበርና ይደገማል።

በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ብረት ተሰባሪ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር መለዘብ፣ ማለትም በመጠኑ ዳግም ሞቆ ተሰባሪነቱ መቀነስ አለበት። ስለቱ በአሸዋ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይጠረግና፣ በብረት ምጣድ ላይ በጋለ አሸዋ ውስጥ ጀርባው ተቀብሮ ስለቱ ውጪ ይቀራል። ከጀርባ ወደ ጫፍ የሚጓዘውን ቀለም በትዕግሥት መከታተል ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይመጣል። የእንጨት መሮ የገለባው ቀለም ስለቱ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም 230 ዲግሪ ገደማ፣ ከአሸዋው ይነሣል። ግንድ የሚመታው መጥረቢያ ግን ጽናት ስለሚፈልግ እስከ ሐምራዊው መጨረሻ፣ ወደ 280 ዲግሪ፣ ይቆያል። የመጥረቢያ ስለት ብቻ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይጠነክራል፤ እጀታ የሚገባበት ዓይኑ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የመሮ ራስም እንዲሁ፤ የጠነከረ ራስ በመዶሻ ሲመታ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

በጥገናው በኩል ደግሞ ብዙ ጥሩ መጥረቢያ የሚሞተው ግራይንደር ላይ ነው። ስለቱ በሚሳልበት ጊዜ ሰማያዊ መልክ ካወጣ ያ ክፍል ጥንካሬው ስለወረደ፣ እስኪያልፍ ድረስ መሞረድ ወይም እንደገና ማጠንከር ግድ ነው። ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ እየነከሩ ማቀዝቀዝ፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን በሞረድና በእርጥብ ድንጋይ መሳል ነው። በዱላ ብዛት ራሱ ተደፍጥጦ ጠርዙ የተገለበጠ መሮ ያ ጠርዝ ሳይሞረድ ሥራ ላይ አይውልም። በልግና መኸር በሚታረስባቸው የወሎ ደጋዎች ድንጋያማው መሬት የማረሻን ጫፍ ቶሎ ይበላዋል፤ የባሌስትራ ቁራጭ ሲበየድለት ሁለቱም ብረቶች ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ሞቀው 7018 በሚባለው የብየዳ ዘንግ (ኤሌክትሮድ)፣ እርጥበት ሳይነካው፣ ይበየዳሉ፣ ከዚያም በአመድ ተቀብረው ቀስ ብለው ይቀዘቅዛሉ። በቀዝቃዛው የተበየደው ከብየዳው ጎን ይበጠሳል።

እጀታው ከደረቀ፣ ጭረቱ ከራስ እስከ እግር ቀጥ ካለ ወይራ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር መጥረቢያው ከእጀታው ወልቆ ይበራል። ከገጠመ በኋላ መጥረቢያው በደረቅ የወይራ ግንድ ላይ በመጠነኛ ኃይል አምስት ስድስት ጊዜ ይሞከራል። ስለቱ ከተሸረፈ ቀለሙ አንድ ደረጃ እስኪያልፍ ድረስ ደግሞ ይለዘባል፤ ከታጠፈ ግን ማለዘቡ ስለበዛ ከማጠንከሩ ጀምሮ ሥራው በሙሉ ይደገማል።