የሶፍትዌር የተባለው ብልሽት ከማገናኛው ውስጥ ሲገኝ

የመኪናው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት አልፎ አልፎ ይበራ ነበር፤ መመርመሪያ መሣሪያውም ከኤቢኤስ መቆጣጠሪያው ጋር ግንኙነት መቋረጡን የሚያመለክተውን «ዩ0121» ኮድ ያሳያል። ሶፍትዌሩ እንደገና እንዲጫን የመከሩኝ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ መብራቱ የሚበራው መኪናው ሲንገጫገጭ ብቻ በመሆኑ፣ ፕሮግራም ደግሞ ጉድጓድና አስፋልት ስለማይለይ፣ በቅድሚያ ሽቦውን መለካት መረጥሁ።

የመኪናው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች የሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ሽቦ የካን መስመር በሁለቱ ጫፎቹ ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) የሆኑ ሬዚስተሮች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ ክፍሎች፣ ያሉት ሲሆን፣ እነዚህ በትይዩ ስለሚያያዙ በጤናማ መስመር ላይ የሚነበበው 60 ኦም ገደማ ነው። ባትሪውን ፈትቼ በመመርመሪያው ሶኬት 6ኛና 14ኛ ፒኖች መካከል በመልቲሜትር ስለካ 60 አገኘሁ፤ ወደ ኤቢኤስ የሚሄደውን ገመድ ስነቀንቀው ግን ንባቡ ወደ 120 ይዘልል ጀመር፤ ይኸውም በዚህ መኪና ላይ ኤቢኤሱ የያዘው የመስመሩ ጫፍ እየተነጠለ መሆኑን ያሳያል።

ማገናኛው ሲከፈት አንዱ ፒን በእርጥበት ዝጎ አረንጓዴ ለብሷል፤ የውኃ መከላከያ ጎማውም ተሰንጥቋል። ሶፍትዌሩ በበኩሉ ይጠብቀው የነበረው መልእክት እንደቀረበት በትክክል መዝግቧል፤ የመልእክቱ መንገድ የት ላይ እንደተቆረጠ ግን ሊያውቅ አይችልም። ፒኑንና ጎማውን ከቀየርሁ በኋላ ገመዱ ቢነቀነቅም ንባቡ ከ60 አልተነቃነቀም፤ ኮዱንም አጠፋሁት፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ተነድቶም አልተመለሰም።