ኢንተርኔቱ የሚቆራረጠው መቼ ነው? የዲኤስኤል መስመር ችግርና መፍትሄ

በስልክ ሽቦ የሚገባ ኢንተርኔት (ዲኤስኤል) ሲያስቸግር መጀመሪያ የሞደሙን የዲኤስኤል መብራት ይዩ። ሳይጠፋ በርቶ ገጽ አልከፍት ካለ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ዋይፋዩን ወይም የአገልግሎቱን የይለፍ ቃል ይፈትሹ። ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ ወይም በየጊዜው ከጠፋ ግን ሞደሙ ሲንክ ማድረግ (በመስመሩ ላይ ከአቅራቢው መሣሪያ ጋር መገናኘት) አቅቶታል።

ምንም ከመንቀልዎ በፊት የሞደሙን ገጽ በብራውዘር ከፍተው የመስመሩን ቁጥሮች ይመዝግቡ። ኖይዝ ማርጂን፣ ማለትም መስመሩ ረብሻን (ኖይዝን) ለመቋቋም ያለው ትርፍ አቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን ይስተካከላል፤ ወደ ዜሮ እየተጠጋ ሲሄድ መስመሩ ይወድቃል። አቴኑዌሽን ደግሞ ሲግናሉ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደተዳከመ ይነግራል። ሁለቱን አብሮ ማየት ብዙ ድካም ይቀንሳል፦ አቴኑዌሽኑ ባለበት ቆሞ ማርጂኑ ብቻ ከዋዠቀ ኖይዝ ከውጭ እየገባ ነው፤ አቴኑዌሽኑም ከወትሮው ከፍ ካለ ሽቦው ወይም መገጣጠሚያው ተጎድቷል። የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ቆጠራ) ድምሩ ብቻውን አይጠቅምም። በ15 ደቂቃ ውስጥ ስንት እንደጨመረ ይቁጠሩ።

ቀጥሎ ሌላውን ሁሉ ነቅለው ሞደሙን ብቻ፣ መስመሩ ቤት ሲገባ መጀመሪያ በሚያገኘው ሶኬት ላይ፣ በአጭር ገመድ ይሰኩ። እዚያ ከተስተካከለ ጥፋቱ የቤት ውስጥ ሽቦ ወይም ከነቀሏቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። የሚቋረጥበት ሰዓትም ራሱ ፍንጭ ይሰጣል።

ስልክ ሲጠራ ወይም ሲነሳ ከተቋረጠ ፊልተር (የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ ሲግናል የሚለይ ትንሽ ማጣሪያ) የሌለው ወይም ፊልተሩ የተበላሸበት መሣሪያ አለ። ፋክስና ከስልክ መስመሩ ጋር የተያያዘ የማንቂያ ደወልም ይቆጠራሉ፤ የሚረሱት እነሱ ናቸው። አንድ በአንድ እየመለሱ የሚያውከውን ይለዩ። ሞደሙ ስፕሊተሩ (መስመሩን ለስልክና ለሞደም የሚከፍለው ሳጥን) ላይ የስልክ ምልክት ባለበት ቀዳዳ ከተሰካ ደግሞ ጭራሽ ሲንክ አያደርግም።

ዝናብ ሲጥል ወይም ከዘነበ በኋላ ከሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ገመድ ያለው ስልክ አንስተው አንድ ቁጥር ይጫኑና ጸጥ ሲል ያዳምጡ። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ የቴክኒሻን ሥራ ነው። ሲያመለክቱ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ከማለት «ስልኩ ይንኮሻኮሻል» ይበሉ፤ ለክርክር የማይመች ማስረጃ ነው።

ሲመሽ ብቻ ማርጂኑ ከወረደ የመካከለኛ ሞገድ (ኤኤም) ሬዲዮን ይጠርጥሩ። ይህ ሞገድ ማታ ርቆ ይጓዛል፣ ድግግሞሹም ኤዲኤስኤል (አንዱ የዲኤስኤል ዓይነት) ከሚጠቀምበት ጋር ይደራረባል። ረጅም ዝርግ የስልክ ገመድ እንደ አንቴና ይቀበለዋል፤ በአጭርና ጥንዱ በተገመደ ገመድ ይተኩት።

በተወሰነ ሰዓት፣ ወይም አንድ ዕቃ ሲበራ ከሆነ ምንጩ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው፦ ርካሽ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ)፣ ሞተር። በባትሪ የሚሠራ የኤኤም ሬዲዮ 600 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርገው ቤቱን ይዙሩ፤ ጩኸቱ በሚበረታበት አቅጣጫ ይከተሉ። ወይም የሞደሙን ትተው ሌሎቹን ብሬከሮች በየተራ ያጥፉ። የሞደሙን የራሱን አዳፕተር አይርሱ፤ ያረጀ አዳፕተር ራሱ ኖይዝ ያመነጫል። ሲቀይሩ ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። በኤሌክትሪክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስተላልፉ አዳፕተሮች ደግሞ ቪዲኤስኤልን (ፈጣኑን የዲኤስኤል ዓይነት) ያውካሉ፤ ነቅለው ልዩነቱን ይዩ።

ስልኩ ጨርሶ ሞቶ ኢንተርኔቱ በጣም ዝግ ብሎ የሚሠራ ከሆነ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ግራ ያጋባል እንጂ ዲኤስኤል በአንድ ሽቦም ሊንፏቀቅ ይችላል።

የኖይዙ ምንጭ ካልተገኘ አቅራቢው የማርጂኑን ዒላማ ከ6 ወደ 9 ወይም 12 ዴሲቤል እንዲያሳድግ ይጠይቁ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መቆራረጡ ግን ይረግባል። እስከዚያው ሞደሙን ደጋግመው አያጥፉ። መስመሩን በራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት ካለ እያንዳንዱን ማጥፋት እንደ ብልሽት ቆጥሮ ፍጥነቱን ሊቀንስብዎት ይችላል።